በሳጥን ቤት ጥርስ አይታይም

ሰኞ 3

ዛሬ ጋሼ በደንበኛ ፊት ሳቀ።

አሁን ጽፌ ሳየው ምንም አይመስልም። ሰው ይስቃል። ግን የእኛ ቤት የሬሳ ሳጥን የሚሠራበት ቤት ነው፤ ደንበኛውም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። ልኳን ስጠይቀው እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «እዚህ ድረስ ነበረች» አለኝ። ይሄኔ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ከመላጊያው ቀና አለና ሳቀ። ፈገግ ማለት አይደለም። ሆዱን ይዞ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ እንባው እስኪወርድ ድረስ ሳቀ። ሰውዬው እጁን ከትከሻው ሳያወርድ ደርቆ ቀረ።

አባባ ነፍሱን ይማርና አንድ ሕግ ነበረው፤ በሳጥን ቤት ጥርስ አይታይም። እኔና ጋሼ ሀሁ ሳንቆጥር ይህችን ተምረናል። ጋሼማ አብዝቶ ተማራትና ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛው» እያለ ነው የሚጠራው። እስከ ዛሬ ጥርሱን በደንብ ያየሁት ሊያስነቅል ሲሄድ የሸኘሁት ቀን ነው።

ደንበኛው ሌላ ሳጥን ቤት ሄደ። አልፈርድበትም።

እማዬ ከኋላ ክፍል ተጣራች። በእሷ አልጋና በሥራ ቤታችን መሃል ያለው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል፣ ሰው አያሳይም።

«ማነው እዚያ የሚያለቅሰው?» አለች።

«ማንም አያለቅስም እማዬ። ጋሼ ነው፣ ሳቅ ይዞት ነው።»

«አይ» አለች። ጆሮዋ ደክሟል።

ረቡዕ 5

ደግሞ። አንዴ ብቻውን ሙጫ ሲያሞቅ። አንዴ አጎታችን ስለ አንድ የታመመ ወዳጁ ሲያወራ። አጎቴ ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ ሻዩን እንኳን አልጨረሰም። መጻፍ አልችልም፣ ሁለት ሳጥን ለነገ አለብኝ።

ቅዳሜ 8፣ ማታ

ቁጭ ብዬ መጻፍ የቻልኩት ገና ዛሬ ነው።

ከአራት ወር በፊት ጣውላ ከመኪና ስናወርድ ገመዱ ተፈታ፤ አንዱ ጣውላ ተንሸራቶ ጋሼን ግንባሩ ላይ መታው። ወደቀ፣ ተነሣ፣ «ደህና ነኝ» አለ፣ እንደገና ወደቀ። ሆስፒታል አስተኙት። ጭንቅላቱን በማሽን አነሡትና «ፎቶው ንጹሕ ነው፣ እግዜር አትርፎታል» ብለው ላኩልን። እኛም ንጹሕ ነው ስላሉን ንጹሕ ነው ብለን ተቀመጥን።

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ብርሃን አስጠላው። እንቅልፍ ራቀው። አንድ ቀን የመጋዙ ድምፅ አናደደውና መዶሻ ወረወረ፤ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ጊዜ ያድነዋል አልን። ጊዜ ደግሞ ይሄን ሳቅ አመጣልን።

«ጋሼ፣ ምን አስቆህ ነው?» አልኩት ዛሬ።

«ምንም።»

«እና?»

«ይመጣል» አለና ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ዞረ። ሲፈትግ ሳየው ንዴቴ መጣ። ቫርኒሽ ቀቢያችን፣ የማይጠፋ ስለሆነ «ሬዲዮ» የምንለው፣ ከጥግ ሆኖ «ዳኛው የአርባ ዓመት ውዝፉን እየከፈለ ነው» አለ። ሳልወድ ከንፈሬን ነከስኩ። የአባባ ልጅ ነኝ።

የመታው ጣውላ አሁንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ማንም አይነካውም። ሬዲዮ «ተቀጥቶ ነው» ይላል።

እማዬ ዛሬ ሾርባውን መለሰችው። ልቧ ነው። ሐኪሙ በር ላይ አስቁሞኝ «ዝግጁ ሁኑ» ብሎኛል፤ ሳጥን ሠሪዋን ዝግጁ ሁኚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱ አያውቅም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የእማዬ ቀን ሲደርስ፣ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ቆሞ፣ ይሄ ሰው መቃብሯ ላይ ቢስቅስ? የሚያስጨንቀኝ እማዬን ማጣቱ ሳይሆን ይህ መሆኑ አሳፈረኝ። ግን ሲነጋም ሲመሽም የሚመጣብኝ ይኸው ነው።

ማክሰኞ 11

መላ አገኘሁ። ልጅ ሆነን፣ ሐዘንተኛ ፊት ሳቅ ሲታገለን አባባ ምስማር ከንፈራችን መሃል ይሰካልን ነበር። «ምስማር የያዘ አፍ አይከፈትም» ይል ነበር። አናጢ እንደሆነ ምስማር በአፉ ይይዛል፣ ማንም አይጠረጥርም። ለጋሼ ነገርኩት። አላንገራገረም፤ ደንበኛ ሲገባ ሦስት አራት ምስማር በከንፈሩ ያዘ። ሁለት ሰዎች መጡ፣ አዘዙ፣ ሄዱ። ኮሽታ የለም።

እንዲህ ብልህ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ 13

ደም። ሆስፒታል ነኝ። ኮሪደር ላይ።

ምን አድርጌ ነው።

ዓርብ 14

አለቀ፣ ምስማሩ ወጣለት። ልጻፈው።

አንዲት ወጣት ሴት ገባች። ልኩን ስጠይቃት በሁለት መዳፏ አየር ላይ ለካችልኝ። መዳፎቿ አልተራራቁም። የሕፃን ነው። ጋሼን ዘወር ብዬ አየሁት፤ ምስማሩን ይዟል፣ አይኑን አፍጥጧል። ሳቁ ከታች መጣ። አፉ እንዲዘጋ ሲታገለው አየሁ፤ ትከሻው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ፈነዳ። አንዱ ምስማር ከንፈሩን ቀደደው፣ አንዱ ወደ ጉሮሮው ገባ። እየሳቀ ታነቀ። እየታነቀ ሳቀ። ሴትዮዋ ናት ጀርባውን የመታችው፤ እኔ ቆሜ ነበር።

የጉሮሮ ሐኪሙ ምስማሩን ካወጣለት በኋላ «ለምንድነው በአፋቸው የያዙት?» አለኝ። «ሙያው ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያስያዝኩት አላልኩም። ጋሼም አላለም። ከንፈሩ ተሰፍቶ፣ ተኝቶ፣ ጣሪያውን እያየ፣ ሐኪሙ ፊት እንደገና ሳቅ ያዘው። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቆሞ አዳመጠው፣ ስለ ግንባሩ ጠባሳ ጠየቀኝና አንድ ወረቀት ጻፈልኝ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላል።

ማታ አጎቴ ቤታችን መጥቶ ነበር። ውሃ ላመጣ ስገባ በበሩ ሰማሁት፤ «እዚያው ያስገቡት። ለእሱም ለቤቱም ይሻላል። ነገ እህቴ ብትሞት ሰው ፊት እንዴት እንቆማለን?» ለሬዲዮ ነው የሚነግረው። ሬዲዮ ብሩሹን ማጠብ ጀመረ።

አጎቴን ልቆጣ ፈለግሁ። ያለው ሁሉ ግን እኔ ቅዳሜ የጻፍኩት ነው።

ማክሰኞ 18፣ ማታ

ሄድን።

ፍርግርግ ያለው መስኮት ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተረሳ ብርጭቆና ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር ያወለቀች ቀጭን ሴት ሐኪም ነው። «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ስትለው «አይተኛም» አልኩ እኔ። «ራስ ምታትስ?» «ጧት ጧት» አልኩ እኔ። ቀጥሎ ስትጠይቀው አፌን ስከፍት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የእርስዎም ተራ ይደርሳል» አለችኝ፣ በትሕትና።

መናገር እየበላኝ ስቀመጥ ጋሼ ጀመረ።

«ሲመጣ አውቀዋለሁ» አለ። ደረቱን ነካ። «እዚህ ጋ ያለው ሌላ ነገር ነው። ያቺ ልጇ የሞተባት ስትገባ ላለቅስ ነው ብዬ ነበር። ፊቴ ግን አልሰማኝም፣ ሳቀ። እኔ ከኋላው ቆሜ አያለሁ፤ ተው እለዋለሁ፣ አይተውም። ሰው ደግሞ የሚያየው ፊቴን ነው።»

በዓመት ከሚናገረው ይህ ይበልጣል። እኔ አጠገቡ ስውል ሳመሽ ይህን አላውቅም። ከኋላው ቆሞ እያየ ኖሯል፤ እኔ ከፊቱ ሆኜ ምስማር ስሰጠው።

ሐኪሟ «አላበዱም። እያሾፉም አይደለም» አለችው። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን፤ እንደገባኝ ልጻፈው። ስሜት የሚፈጠርበት ቦታ አለ። ስሜቱን ፊት ላይ የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ነው። በመሃል «አሁን አይደለም፣ ይበቃል» የሚል ልጓም አለ። ጣውላው ሲመታው አንጎሉ ተናወጠ፣ ማሽን የማያያቸው ቀጫጭን ክሮች ተጎዱ፣ ልጓሙ ላላ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ የነካው ነገር ሁሉ በአንዴ ይወጣል፤ አንዳንዴም ሐዘኑ በሳቅ ይወጣል። ራስ ምታቱ፣ ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከዚያው አደጋ የመጣ ነው አለች። ለድባቴ የሚሰጥ ኪኒን አዘዘች፤ በትንሹ ሲወሰድ ይህን ሳቅ ያበርዳል። ሲመጣበት ትከሻውን ጥሎ በዝግታ እንዲተነፍስ አለማመደችው። መጋዝ ሲሠራ ከክፍሉ ይውጣ አለች።

«አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ» አለችኝ። «ደንበኛ ሲገባ ቀድመው ይንገሩት። ወንድሜ ጭንቅላቱን ተጎድቷል፣ ሊስቅ ይችላል፣ ሳቁ ሳቅ አይደለም፣ ይበሉ። ሰው ካወቀ እሳቸው አይሸማቀቁም።»

ይህን ለሐዘንተኛ ከመናገር ቤቱን መዝጋት ይቀለኛል። አላልኳትም።

ልንወጣ ስንል «እርስዎስ፣ መጨረሻ ያለቀሱት መቼ ነው?» አለችኝ። የታመምኩት እኔ አይደለሁም አልኳት።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ሌላ ነገር ለመጻፍ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ የራስ ቅል ነበር። እሷ ማዘዣ ስትጽፍ አነሣሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥን ነው ያየሁት። ይህ ሳጥን ምስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም፣ ማጠፊያ የለውም። አጥንቶቹ ጥርስ ለጥርስ ተናክሰው ነው የገጠሙት፤ መስመሩ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል፣ አንድ ቦታ እንኳን አልሳተም። ጣቴን ሰድጄ ተከተልኩት። ጋሼም አየና ጣቱን ሰደደ። «ይሄን ማን ገጠመው?» አለኝ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ። ሐኪሟ መጻፍ አቁማ ታየን ነበር።

አባባ ቢኖር ኮፍያውን ያወልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ምን ተቀምጦ ይሆን ያልኩት ዛሬ ገና ነው። ሐዘንና ሳቅ በክር ተለያይተው፣ ክሩ በአይን የማይታይ። በዚህ ላይ እኛ ጤነኞቹ ቀኑን ሙሉ በቦታው እየሳቅን በቦታው እያዘንን መዋላችን ነው የሚገርመው። እንዴት አንሳሳትም?

ቅዳሜ 22

ኪኒኑ አፉን ያደርቀዋል። ይፈዛል። ሳቁ እንዳለ ነው። እማዬ ጧት ደግሞ «ማነው የሚያለቅሰው?» አለች። «ጋሼ ነው፣ ይስቃል» ልላት አፌን ከፈትኩና አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው እንዲህ የምትለው። ፊቱን አታይማ። ግድግዳ አለባት።

ሐኪሟ የነገረችኝን እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታዋለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጆሮዋ ደከመ እያልኩ እጮህባት ነበር።

ሐሙስ 27

ሦስት ደንበኛ። ለአንዱም አልነገርኩም። ጋሼን «እማዬ ትፈልግሃለች» እያልኩ ወደ ኋላ ክፍል እየሰደድኩ ነው የዋልኩት። በሦስተኛው «ዛሬስ በጣም ፈለገችኝ» አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ያሹፍ አያሹፍ አይታወቅም። ያሾፈ ይመስለኛል። እግዜር ያሳይህ፣ ዳኛው አሾፈ።

ሰኞ 1

ቀኑን ሙሉ ሳይስቅ ዋለ። ሙሉ ሌሊትም ተኛ። ሬዲዮ «ጸጥ ሲል ፈራሁ» ብሎ ራሱ ቀልድ አወራለት። ጋሼ አልሳቀም። «አሁን ድኗል» አለ ሬዲዮ።

አንዲት ቁራጭ ኪኒን፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ፣ በሰው ሆድና ፊት መሃል ገብታ እርቅ ታወርዳለች። ሳስበው ይከብደኛል።

ማክሰኞ 9

ሐኪሟ ዘንድ። ሳቁ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሆኗል፤ ሲመጣም ቶሎ ይበርዳል። «ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ግን ሊመጣ ይችላል፣ አትደንግጡ» አለች። እሱን ወደ ውጭ ልኬ ጠየቅኋት። እናታችን እየደከመች ነው አልኩ። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለቀብሯ ቀን፣ ድንጋይ የሚያደርገው ነገር ይስጡኝ አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማስተኛትማ አያቅተኝም» አለች። «እናታቸውን ተኝተው እንዲቀብሩ ነው የሚፈልጉት?»

ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ የወንበሩን እግር ይነቀንቅ ነበር። «ላላ ነው» አለኝ ስወጣ። «ነገ ሙጫ ይዤ ልምጣላቸው?»

ዓርብ 12

እማዬ ጋሼን አስጠራችው። እኔ ከሥራ ቤቱ በኩል፣ ከግድግዳው አጠገብ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። ልሰማ ፈልጌ አይደለም።

«ያ የመታህ ጣውላ አለ?» አለችው።

«አለ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ቆሟል።»

«ለእኔ አድርገው» አለች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆየች። «ይዤልህ ልሂድ። እዚህ ቆሞ እያየህ አይኑር።»

ከዚያ የሰማሁትን አልጽፍም።

ሲወጣ ከንፈሩን አየሁት፤ ስፌቱ ጠባሳ ሆኗል። ቀጥ ብሎ ሄዶ ጣውላውን ከግድግዳው ዞር አደረገው። እንዴት ያለ ጣውላ እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት። አንድ ጉጥ የለበትም።

ማክሰኞ 16

እማዬ። ከምሳ በኋላ። እጄ ውስጥ ነበረች።

ረቡዕ 17፣ ማታ

ቤቱ ባዶ ነው። ሁሉንም ልጻፈው፤ አንዱንም እንዳልረሳ።

ጋሼ ሳጥኑን ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሠራው። ሬዲዮ ሊረዳው ቢጠጋ በእጁ መለሰው። አንድ ምስማር አልመታም። መጋጠሚያውን ሁሉ ጥርስ ለጥርስ አናክሶ ገጠመው። ሳየው የት እንዳየሁት አወቅሁ፤ እሱም እንዳወቅሁ አወቀ። ጣቴን በመስመሩ ላይ ሰድጄ አንዲት ክፍተት አላገኘሁም። እናቱ በሞተች ሌሊት፣ ያ የተናወጠ ጭንቅላት፣ በዚያ በመታው እንጨት። ከዚህ በላይ ምን ተአምር አያለሁ?

ጧት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣና «እኔ እስከ ደፉ ነኝ» አለኝ።

የእኛ ሙያ ወግ አለው፤ ሳጥን የሠራ ሰው ሳጥኑን እስከ ሥራ ቤቱ ደፍ ይሸኛል፣ ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ ነው። ግን እሱ ዛሬ ሳጥን ሠሪ ብቻ ነው እንዴ? ለእኔ ሲል ነው። ያኔ ቅዳሜ ስለ መቃብሯ የጻፍኩትን ሳያነብ አውቆታል። እኔስ ምን አልኩ? «እንዳልክ» አልኩ። ደረቴ ሲቀለኝ ተሰማኝ። ይህን እጽፈዋለሁ፤ ቀለለኝ።

ሰዉ መጣ። በሩ እስከ መንገዱ ሞላ። አጎቴ፣ የአጎቴ ልጆች፣ ጎረቤቱ፣ አሮጌ ደንበኞቻችን። ያ ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንኳን ከኋላ ቆሞ አየሁት። ሳጥኑን አነሡ። ጋሼ ከራስጌው በኩል እጁን እንዳስደገፈ እስከ ደፉ መጣ፣ ቆመ፣ እጁን አነሣ። ሳጥኑ ሲያልፍ አየሁት፤ ትከሻውን ጣለ፣ ተነፈሰ፣ እንደገና ተነፈሰ። የተማረውን ሁሉ አደረገ። ከዚያ ሳቀ።

ያ የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነው። ሆዱን ይዞ፣ የበሩን መቃን ተደግፎ። የተሸከሙት ሰዎች ቆሙ። አንዲት ሴት አፏን ያዘች። አጎቴ «ዝም አሰኙት፣ አስገቡት» ሲል ሰማሁ። የሁሉም አይን ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። መሬት ስላልተከፈተች አይኔን ጨፈንኩ።

ስጨፍን ፊቱ ጠፋ።

ድምፁ ብቻ ቀረ። ሰማሁት። በዕድሜዬ የሰማሁት ለቅሶ ሁሉ፣ በዚያ ሥራ ቤት የሰማሁት ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ አልነበረም። ትንፋሹ ሲቆረጥ፣ ሲመለስ፣ ከታች ሲመዘዝ። እናቱ የሞተችበት ሰው ድምፅ ነው። እንዴት ለሳምንታት ሳልሰማው ቀረሁ? እማዬ ከግድግዳ ኋላ ሆና በየቀኑ ስትነግረኝ።

አይኔን ስገልጥ ሰዉ እንደቆመ ነው። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም፣ ግን ወጣ።

«ወንድሜ ጭንቅላቱን ተጎድቷል» አልኩ። «ፊቱ ይስቃል እንጂ እየሳቀ አይደለም። እያለቀሰ ነው። አይናችሁን ጨፍኑና ስሙት።»

ያ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው መጀመሪያ የጨፈነው። ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። ሬዲዮ። መንገዱ ሁሉ አይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ወንድሜ ብቻውን ያለቅስ ነበር፣ ሁሉም ይሰሙታል። አጎቴ መጨረሻ ላይ ነው የጨፈነው።

የጋሼን ክንድ ያዝኩ። «እኔ እስከ ደፉ…» አለ በሳቁ መሃል። «ና ውጣ» አልኩት። ደፉን አብረን ተሻገርን። እስከ መቃብሯ ሳቀላት፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ማክሰኞ 23

ደንበኛ መጣ። ገና ልኩን ሳልጠይቅ ነገርኩት። ሰውዬው ጋሼን አየው፣ ኮፍያውን ነካ፣ «አይዞህ» አለው። ጋሼ ራሱን ነቀነቀና ወደ መላጊያው ተመለሰ። አልሳቀም። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ለዚህ ነበር።

ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርናት። ኪኒኑ ይቀጥላል፤ ራስ ምታቱም ገና ነው፤ በአንድ ጊዜ አትጠብቁ አለች። ጋሼ ከመሄዳችን በፊት የኮሪደሩን ወንበር ጠገነላት።

እሑድ 28

የእማዬን አልጋ ልፈታ ገባሁ። አንሶላውን ካነሣሁ በኋላ ጋደም አልኩ፣ እሷ በምትተኛበት በኩል፣ ግድግዳውን አጠገቤ አድርጌ። ከማዶ መላጊያው ይሄዳል ይመለሳል። እሷ ስትሰማ የኖረችውን ነው የምሰማው። ሥራ እሑድ አይሠራም፤ እሱም መቀመጥ አቅቶት ነው።

መላጊያው ቆመ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ቀስ ብሎ ነው፣ እንደ ድሮው አይደለም።

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። እንደ እሷ ጮክ ብዬ ተጣራሁ።

«ማነው እዚያ የሚያለቅሰው?»

ይሄን ሁሉ ጊዜ ለእሷ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ እሱን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ እርምጃውን ሰማሁ።

«አንቺስ?» አለኝ።

በቃል አልመለስኩለትም። ግን ጣውላው ድምፅ ያሳልፋል፤ ሰምቶኛል።